ልጃችን ሂሳብ «አልገባኝም» ሲለን



ብዙዎቻችን ከደመወዛችን ቀንሰን በአገር ቤት ያሉ ልጆቻችን ሂሳብን በኢንተርኔት እንዲማሩ እንከፍላለን። ውጤቱ ሲያንስ ስንፍና ይመስለንና በስልክ እንቆጣለን። ነገሩ ግን ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው የፕላዝማ ትምህርት ተማሪው ባይገባውም አይጠብቅም ነበር። የኢንተርኔቱን ደግሞ ደጋግሞ ማየት ይቻላል፤ ሆኖም ልጁ የት እንደሳተ ሁልጊዜ አይነግረውም። ለምሳሌ የ5 እና የ3 ድምር በራሱ ይባዛ ቢባል፣ 5 በ5 እና 3 በ3 አባዝቶ ይደምርና 34 ይላል። ትክክለኛው መልስ 8 በ8፣ 64 ነው። ኮምፒዩተሩ «ስሕተት» ብሎ ያልፈዋል፤ መምህር ግን ደብተሩን አይቶ «መጀመሪያ ደምር» ይለዋል። ይህ ስሕተት ካልታረመ በአልጀብራም ይከተለዋል።

ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ጥያቄ የሚመልስ መምህር መኖሩን እንጠይቅ። ስንደውል «ስንት አገኘህ?» ከማለት «የቱ ላይ ቆምክ?» እንበል። የሠራበትን ደብተር ፎቶ አንስቶ ይላክልን፤ ባዶ ከሆነ ቪዲዮውን አይቶ ብቻ እንዳለፈ እናውቃለን። በሳምንት አንድ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ የሰፈር ተማሪ ብናገኝለትም ብዙ ይረዳዋል።

እግዚአብሔር የድካማችንን ፍሬ ያሳየን። አሜን።