የሰላም ሰሚናር ምንድን ነው? ለምንስ ይፈራል?

(ከሶለንቱና፣ ስዊድን)

ሰሞኑን አንዲት የአገር ልጅ ልጇ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ስለ ሰላምና ስለ መንፈሳዊነት የሚያወያይ ሰሚናር መምረጧን ነገረችኝና «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? እንጀራ ይሆናታል?» አለችኝ። ጥያቄው የብዙ ወላጅ ስለሆነ መልሴን እዚህ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሚናር መምህሩ ተናግሮ ተማሪው ማስታወሻ የሚይዝበት ክፍል አይደለም። አሥር አሥራ አምስት ሰው ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል፤ አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይሞግታል፣ መምህሩ ያርማል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ፍች ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ነግሮ ይታረማል። ፈረንጅ አመጣው የምንለው ብዙ ነገር ቤታችን የነበረ ነው።

ሦስቱ ርዕሶች ለምን አብረው ይሰጣሉ? ኖርዌጂያዊው ዮሃን ጋልቱንግ በ1960ዎቹ እንዳስረዳው ጥይት አለመተኮሱ ግማሹ ሰላም ብቻ ነው። ሰው በአድልዎና በድህነት ያለ ዕድሜው የሚቀጭበት ሥርዓት ካለ፣ ተኳሽ ባይኖርም ግፍ አለ። ፍትሕ የሚገባው በዚህ በር ነው። ለመንፈሳዊነቱ ዳግ ሐመርሾልድን አስባለሁ። ከሶለንቱና በባቡር የምንሄድባት ኡፕሳላ ያደገባትና የተቀበረባት ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ከ1971 ጀምሮ የሰላምና የግጭት ጥናት ክፍል አለው። ሐመርሾልድ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሳለ በ1961 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከሞተ በኋላ በ1963 የታተመው የግል ማስታወሻው ውስጥ የዲፕሎማሲ ምስጢር የፈለገ ሰው የሚያገኘው ከእግዚአብሔርና ከራሱ ኅሊና ጋር ሲሟገት ነው። ለእውነት ዋጋ የሚከፍል ሰው በምን ላይ ቆሞ ነው የሚከፍለው? የሰሚናሩ ሦስተኛ ጥያቄ ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዋጋው ይታያል። ኤፕሪል 8 ቀን 2001 ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በአዲስ አበባ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚ ነፃነት ተወያዩ። በማግስቱ ሳምንት ከተማው ተናወጠ። ተማሪዎቹ የጠየቁት መለዮ ለባሽ ከግቢያቸው እንዲወጣ፣ ማኅበራቸውና ጋዜጣቸው እንዲመለሱላቸው ነበር። የወያኔ አገዛዝ መልስ ጥይት ሆነ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ሺዎች ታፈሱ። ሜይ 8 ሁለቱም ምሁራን ተማሪን ለሁከት አነሳስታችኋል ተብለው ታሰሩ፤ በዋስ የወጡት በሚቀጥለው ወር ነው። ያ ሁሉ የግማሽ ቀን ውይይት መዘዝ ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የሰላም ስም በዛ። በ2007 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም ከፈተ፤ በ2018 የሰላም ሚኒስቴር ተቋቋመ። በዓመቱ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ በ2020 የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። በ2001 በአንድ ሰሚናር ሰበብ የታሰረው ዶክተር ብርሃኑ በ2021 የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። እኔ የምጠይቀው እርሱን ነው፦ ዛሬ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያለ መምህር አሥራ አምስት ተማሪ ሰብስቦ በ2023 በአማራ ክልል ስለተጀመረው ጦርነት ቢያወያይ፣ ማታ ቤቱ ያድራል?

ለእኅታችን እንጀራውንስ ትጋግራለች፣ አትስጊ አልኳት። ልጅቷ የሰሚናር ጽሑፏን በኤፕሪል 2001 ላይ ልትሠራ ወስናለች፤ የምታነበው ግን ከሰብአዊ መብት ድርጅቶች ሪፖርት አላለፈም። ያኔ ስድስት ኪሎ የነበራችሁ ወገኖች፣ ያያችሁትን ጻፉ።