ዝቅ ያለ ቫን፣ ትልቅ ቸርኬ፦ የጎማ ልክ ምርጫ ፊዚክስ

ለዶክትሬት ትምህርቴ ጀርመን ሳለሁ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብጣሽ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በወረቀቱ ላይ የሦስት ጎማዎች ልክ ሰፍሯል፦ 255/35 አር 20፣ 275/35 አር 20 እና 275/40 አር 20። ጓደኛዬ በ2003 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው፣ ቲ5 ተብሎ ከሚጠራው የቮልስዋገን ትራንስፖርተር ትውልድ አንድ ቫን ነበረው። በሥራ ቀናት ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመላለስበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሙዚቃ ባንዱን ከበሮ፣ ድምፅ ማጉያና ተጫዋቾች ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞርበታል። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ቫን ወደ መሬት አስጠግቶ ትልልቅ ቸርኬ መግጠም በወጣቶች ዘንድ የተወደደ ነገር ነው። እርሱም ቁመቱ በብሎን የሚስተካከል ሞላ አስገብቶ ቫኑን በ40 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎታል፤ የ20 ኢንች ቸርኬዎቹንም ገዝቷል። የቀረው ጎማ መምረጥ ብቻ ነበር።

ጎማ ሻጩ የመጀመሪያውን ልክ ደጋግሞ አስምሮበታል። «ከፋብሪካው ጎማ ጋር በትክክል የሚገጥመው ይህ ነው» ብሎታል አሉ።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩን መጀመሪያ ንቄው ነበር። ወረቀቱን ይዤ ማስላት ስጀምር ግን የአንደኛ ዓመት ሜካኒክስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በማንኛውም መኪና ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ጎን ከፍታ ሲሆን የተሰጠው በሚሊ ሜትር ሳይሆን የስፋቱ መቶኛ ሆኖ ነው። የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። (በአዲስ አበባ ታክሲዎች ላይ 195 አር 15 ሲ የሚል ጽሑፍ ያየ አንባቢ መቶኛው የት ገባ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሳይጻፍ ሲቀር 80 ገደማ ነው ማለት ነው፤ «ሲ» የሚለው ፊደል ደግሞ ጎማው ለጭነት መኪና የተሠራና ከፍ ያለ የአየር ግፊት የሚችል መሆኑን ያመለክታል።)

እንግዲህ ጠቅላላው ዲያሜትር የጎን ከፍታው እጥፍ ሲደመር የቸርኬው ዲያሜትር ነው። ቫኑ ከፋብሪካ የወጣበት ጎማ 215/65 አር 16 ነበር፤ የጎኑ ከፍታ 139.75፣ ዲያሜትሩ 685.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስቱ ደግሞ በቅደም ተከተል 686.5፣ 700.5 እና 728 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሻጩ ለምን የመጀመሪያውን እንደ መረጠ አሁን ግልጽ ነው፤ ከፋብሪካው ጎማ ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ዲያሜትሩ ለምን ያስጨንቃል? የመኪና ፍጥነት መለኪያ ፍጥነትን አይለካም፤ የሚቆጥረው ዙር ነው። ጎማው በ6 በመቶ ሲያድግ በእያንዳንዱ ዙር 6 በመቶ አብልጦ ይጓዛል፤ ስለዚህ መለኪያው 100 ሲያሳይ ቫኑ በ106 ይበራል። በአውሮፓ የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል። አምራቾች መለኪያውን በጥቂቱ አጋንኖ እንዲያሳይ አድርገው ስለሚሠሩት የ275/35ን 2 በመቶ ይችለዋል፤ የ275/40ን 6 በመቶ ግን አይችለውም። ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ ራዲየሱ ሲረዝም ያንኑ የማቆም ጉልበት መሬት ላይ ለማግኘት የሚያስፈልገው የማዞር ጉልበት በዚያው መጠን ይጨምራል።

ዝቅታው ሁለት ጊዜ ሲከፈል

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ይህ ነው። ሞላው ሲያጥር የሚቀንሰው በመኪናው አካልና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት ነው። ጎማው ሲያድግ ግን አክስሉ ከመሬት ከፍ ይላል፤ አካሉንም ይዞት ይነሣል። 275/40 ቢገጠም ራዲየሱ በ21 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም የቫኑ ወለል ከቀድሞው ዝቅ የሚለው በ19 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጓደኛዬ ከከፈለበት 40 ሚሊ ሜትር ግማሹን ጎማው መልሶ ይወስድበታል። በጎማው አናትና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ግን በሁለቱም ምክንያት ይጠባል፤ 40 ሲደመር 21፣ በድምሩ 61 ሚሊ ሜትር።

ቫኑ ከመነካቱ በፊት ከኋላ የነበረው ክፍተት 90 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ ከዝቅታው በኋላ ለ255/35 ወደ 50፣ ለ275/35 ወደ 43፣ ለ275/40 ደግሞ 29 ሚሊ ሜትር ይቀራል። አንድ ቅዳሜ ከበሮውንም ተጫዋቾቹንም ጭነን ስንለካ የኋላው አካል በ35 ሚሊ ሜትር ወረደ። በሌላ አነጋገር 275/40 ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፓራፋንጎውን ይነካል። ጠባብ ጎማ ቢሆን ኖሮ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሾልኮ ሊገባ ይችል ነበር፤ 275 ግን ከቀድሞው በ60 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ የሚያገኘው ያንኑ ስለታም ጠርዝ ነው። ሦስተኛው ምርጫ በዚሁ ወደቀ።

ጭነቱን የሚሸከመው ማን ነው?

እስከዚህ ድረስ ሻጩ ትክክል ይመስላል። 255/35 ዲያሜትሩ ልክ ነው፤ ክፍተትም አለው። ዋናው ጥያቄ ግን ገና አልተጠየቀም።

መኪናን የሚሸከመው በአብዛኛው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት በአየሩ ግፊት ሲባዛ የተሸከመውን ጉልበት ይሰጠናል። አንድ ጎማ 800 ኪሎ ግራም ቢሸከም 7,840 ኒውተን ገደማ ነው፤ ግፊቱ 2.9 ባር ከሆነ መሬቱን የሚነካው 270 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ የኤ4 ወረቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግፊቱ አንሶ በዚያው ክብደት ለመቆም ከተፈለገ የሚነካው ስፋት መጨመር አለበት፤ ይህም የሚሆነው ጎማው አብዝቶ ሲተኛ ነው። የጎኑ ከፍታ ትንሽ የሆነ ጎማ ደግሞ የሚተኛበት ቦታ የለውም።

የአየሩን መጠን በግርድፉ እንገምት። ስፋቱን በጎኑ ከፍታ፣ ውጤቱንም በመካከለኛው ዙሪያ ብናባዛ የ255/35 አየር ከፋብሪካው ጎማ በ17 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን። ዲያሜትራቸው እኩል የሆነ ሁለት ጎማዎች፣ የአንዱ አየር በአንድ ስድስተኛ ያነሰ! ዲያሜትርን ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ይህ ፈጽሞ አይታየውም።

ይህን ሁሉ ስሌት አምራቾች በአንድ ቁጥር ጠቅልለው ከልኩ ቀጥሎ ይጽፉታል፤ የጭነት መለያ ቁጥር ይባላል። 97 ማለት ጎማው 730 ኪሎ ግራም፣ 100 ማለት 800፣ 102 ማለት 850፣ 106 ማለት 950 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። ከበሩ ምሰሶ አጠገብ ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የኋላ አክስሉን ከፍተኛ ጭነት አነበብን፤ ስሌቱን ለማቅለል 1,600 ኪሎ ግራም ብለን እንያዘው። እያንዳንዱ ጎማ ቢያንስ 800 መቻል አለበት። ሻጩ ያሰመረበት 255/35 መለያው 97 ነበር። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ 1,460 ኪሎ ግራም ብቻ ይችላሉ፤ 140 ኪሎ ግራም ይጎድላል። ከበሮውና ሁለት ተጫዋቾች ማለት ነው።

ጉድለቱ በቆመ መኪና ላይ አይታይም፤ ጎማውም ወዲያው አይፈነዳም። አደጋው የሚመጣው በሙቀት በኩል ነው። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በሰከንድ 15 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር የጎኑ እያንዳንዱ ክፍል ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ላስቲክ ደግሞ የታጠፈበትን ኢነርጂ ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጭነቱ ሲበዛ ወይም ግፊቱ ሲያንስ መታጠፉ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ይከማቻል፤ በመጨረሻም ላስቲኩን ከውስጥ ሽቦው ጋር ያያያዘው ትስስር ይላቀቃል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ የሰበሰበው የጎማዎቹ መርገጫ በጉዞ ላይ እየተገነጠለ መኪኖች በመገልበጣቸው ነበር። የጎማው የራሱ ጉድለት፣ ዝቅተኛ የአየር ግፊትና ሙቀት ተደምረው ያስከተሉት አደጋ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

ስለዚህ የቀረው 275/35 ነው፤ ያውም የጭነት መለያው 102 የሆነውና «ኤክስ ኤል» የሚል ምልክት ያለበት። ይህ ምልክት ጎማው ሙሉ ጭነቱን የሚችለው ከተራው 2.5 ባር ይልቅ በ2.9 ባር ሲነፋ መሆኑን ያስታውቃል። ቫኑ አሁን የሚያስፈልገውን 800 ከነትርፉ አገኘ።

ያለ ዋጋ ግን አልተገኘም። የጎኑ ከፍታ ከ140 ወደ 96 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ጎማውን እንደ ሞላ ብንቆጥረው፣ ጥንካሬው ሳይለወጥ ቸርኬውን ሳያስመታ ሊውጠው የሚችለው ኢነርጂ በርቀቱ ካሬ ስለሚለካ ከቀድሞው ግማሽ በታች፣ 47 በመቶ ያህል ይሆናል። ግፊቱ መጨመሩ ጥንካሬውን ከፍ አድርጎ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ የጉድጓዱ ምት ወደ ሞላውና ወደ ተሳፋሪው ያልፋል። በጀርመን አስፋልት ላይ ይህን መቀበል ይቻላል። እኛ ሰፈር መንገድ ላይ ቢሆን ቸርኬው አንድ ክረምት አይሻገርም።

ክፍተቱም ቢሆን ገና አልተፈታም። ከ43 ላይ የጭነቱ 35 ሲቀነስ 8 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ይህም ለአንዲት ጉብታ አይበቃም። ጓደኛዬ በግድ ቢሆንም ተስማማ፤ የሞላዎቹን ብሎን አዙረን ቫኑን 15 ሚሊ ሜትር መልሰን አነሣነው።

በዚያ አገር ለመኪናው ከተፈቀደው ውጭ የሆነ ልክ የገጠመ ሰው ለውጡን በመርማሪ መሐንዲስ አስመርምሮ በሰነድ ማስመዝገብ አለበት። መርማሪው በመጀመሪያ የጎማውን መለያ ቁጥር ከሰሌዳው ጋር አስተያየ። ከዚያም የፊት ግራውንና የኋላ ቀኙን ጎማ መወጣጫ ላይ አስወጥቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ አዞረ፤ በባትሪ ፓራፋንጎው ውስጥ አጮልቆ አየና ማህተሙን መታ።

ከግቢው ስንወጣ ጓደኛዬ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቫኑን በጎን ተመለከተው።

«15 ሚሊ ሜትሩ ያስታውቃል» አለኝ ቅር እያለው።

እኔ ምንም አልታየኝም።