ከጋምቤላ እስከ ላሆር፦ የአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ጉዳይ

ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰን አውሮፕላን ዘግይቶ ስለነበር፣ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀቱን እየታገልን ተቀምጠን ነበር። ከፊታችን ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ በሻንጣ ላይ አስደግፈው፣ ሁለት ጆይስቲክ ሰክተው ቴከን 7 ይጫወታሉ። ዕረፍታቸውን ከቤተሰብ ጋር አሳልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ናቸው። የፊዚክስ መምህር መሆናችንን ሲረዱ አንደኛው ጠየቀን፦ «መምህር፣ ኢንተርኔታችን ፈጣን ቢሆን ኖሮ እኛም ከዓለም ተጫዋቾች እኩል እንደርስ ነበር፤ አይደል?»

ጥያቄው በሒሳብ የሚመረመር በመሆኑ ደስ አለን።

የፍልሚያ ጨዋታዎች በሰከንድ 60 ምስል ያሳያሉ፤ አንዱ ምስል በስክሪኑ ላይ የሚቆየው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። በቴከን 7 ተራው ፈጣን ቡጢ በ10ኛው ምስል፣ ማለትም በ167 ሚሊ ሰከንድ ያርፋል። የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ግን ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ቡጢውን አይቶ መከላከል አይቻልም። ተጫዋቹ የሚከላከለው ቀድሞ በመገመት ነው፤ ለመገመት ደግሞ ተጋጣሚን ማወቅ ያስፈልጋል። ገበጣ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ርቀቱን እናስላ። ብርሃን በፋይበር ኦፕቲክ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 475 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም፤ ከአንድ ምስል ሢሶ ያነሰ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ግን 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ደርሶ መልሱ 53 ሚሊ ሰከንድ፣ ከሦስት ምስል በላይ ይሆናል። ይህ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ቢል ነው፤ እውነተኛው መንገድ ይጠማዘዛል፣ በየመገናኛውም ይዘገያል። የቱንም ያህል ገንዘብ ቢወጣ ብርሃንን ማፍጠን አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ቶኒ ካነን የተባለ አሜሪካዊ ጂጂፒኦ የተሰኘውን ዘዴ መሥራት ጀመረ። ፕሮግራሙ የተጋጣሚውን መልእክት ሳይጠብቅ ምን እንደሚያደርግ ይገምታል፤ ግምቱ ከተሳሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ ጨዋታውን እንደገና ያሰላል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ሆኖም መዘግየቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። እኛን የሚያስገርመን ግን ይኸው ካነን ተጫዋቾችን በአካል ከሚያሰባስበው የኢቮ ውድድር መሥራቾች አንዱ መሆኑ ነው። ኢቮ እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ በ40 ያህል ተጫዋቾች የተጀመረ ነው።

ለወጣቶቹ የነገርናቸው ግን በይበልጥ ስለ ፓኪስታን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አርስላን አሽ የተባለ የላሆር ወጣት በቪዛና በበረራ ብዙ ተንገላትቶ ጃፓን ደረሰና የኢቮ ጃፓንን የቴከን 7 ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በላስ ቬጋስም ደገመው። ከዚያ በፊት ከአገሩ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። እርሱ ግን በአገሩ ሌሎችም ብርቱ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ፤ ኒ በሚል ስም የታወቀው ደቡብ ኮሪያዊ አንጋፋ ተጫዋችም ይህንኑ ሊያይ ወደ ፓኪስታን ተጓዘ። ላሆርን ያበረታት የኢንተርኔቷ ፍጥነት አልነበረም። ልጆቹ በየጨዋታ ቤቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ዕለት ዕለት መጋጠማቸው ነበር።

«በእኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ግን የተሸነፈ ነው የሚከፍለው» አለ ሁለተኛው። ጀማሪ ሁለት ቀን ከፍሎ በሦስተኛው ይቀራል፤ በመጨረሻም ሦስት ጎበዞች ብቻ ይተርፋሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዘገየ ኢንተርኔት ይልቅ ይህ ልማድ የበለጠ ይጎዳል ብለን እናምናለን። ሁሉም እኩል አዋጥቶ፣ ሁለት ጊዜ ያልተሸነፈ የማይሰናበትበት ውድድር ቢደረግስ? ስምንት ሰው ቢሰበሰብ፣ ከአሸናፊው በቀር ሰባቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይሸነፋሉና 14 ግጥሚያ ይሆናል፤ አሸናፊው አንዴ ተሸንፎ ከሆነ 15። ለአንዱ ግጥሚያ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ፣ በአንድ ቴሌቪዥን ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ቴሌቪዥኑም ቢሆን መመርመር አለበት። ምስሉን ለማሳመር ሲል የሚያዘገይ አለ፤ የጌም ሞድ ያለው ከሆነ እርሱን መክፈት ይጠቅማል። መለኪያው ከኪስ አይጠፋም፦ በሰከንድ 240 ምስል በሚቀርጽ ስልክ ጣትንና ስክሪኑን አንድ ላይ መቅረጽ፣ ከዚያም ቁልፉ ከተጫነበት እስከ መጀመሪያው እንቅስቃሴ ያሉትን ምስሎች መቁጠር። 24 ቢቆጠር 100 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የጨዋታው ስድስት ምስል ነው። ሁለት ቴሌቪዥን ካለ ሁለቱን ለክቶ ፈጣኑን መምረጥ ይቻላል።

የመሳፈሪያ ጥሪ ሲሰማ አንደኛው ጆይስቲኮቹን እየጠቀለለ ከተማ ለቀረው ታናሽ ወንድሙ ይደውል ነበር፦ «ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስብ። ለባለቤቱም ንገረው፣ የተሸነፈ አይከፍልም።» ከወዲያኛው ጫፍ የመጣውን መልስ የአውሮፕላኑ ድምፅ ዋጠው።