አስተማሪ እንዴት ይማራል?

ልጆቻችንን ለአስተማሪ አደራ ስንሰጥ፥ አስተማሪው ራሱ በምን ዓይነት ትምህርት እንደ ተዘጋጀ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ወይዘሮ ሉሲ ስፕራግ ሚቸል የተባሉ አሜሪካዊት ግን ይህን ጥያቄ የዕድሜ ሥራቸው አደረጉት። በ1916 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በኒው ዮርክ የትምህርት ምርመራ ቢሮ አቋቋሙ፤ በ1930ም በባንክ ስትሪት ለዕጩ መምህራን ተማሪ ቤት ከፈቱ።

ዕጩዎቹ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በየተማሪ ቤቱ ከሕፃናት ጋር ይውሉና፥ ወደ ወይዘሮዋ ተመልሰው የምድርንና የሰውን ኑሮ ማስተማሪያ ዘዴ ይማሩ ነበር። የወንዝና የከተማ ስም በቃል ማጥናት ብቻውን ለእርሳቸው ትምህርት አልነበረም። ካርታውን ዕጩው በገዛ እጁ ይሥላል፤ ከተማው ስለ ምን በወንዙ ዳር እንደ ተቈረቈረ፥ የሚበላውና የሚነደው በየትኛው መንገድ እንደሚገባ፥ ማን ተሸክሞ እንደሚያራግፈው በእግሩ ሄዶ ይመረምራል። ከ1935 ጀምሮም ሩቅ ጉዞ ተጨመረ፤ ዕጩዎቹ በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ቆፋሪዎችን ኑሮ በዓይናቸው አዩ። በክረምት የሚሞቁት እሳት የማን ድካም እንደ ሆነ ይህ ከመጽሐፍ ይልቅ ይናገራል።

እንደሚመስለን ግን ከሁሉ የሚከብደው የአንደበት ለውጥ ነው። ሕፃን «ይህ ከሰል ከየት መጣ?» ሲል ጀማሪው መልሱን ወዲያው ይሰጠዋል፤ የሠለጠነው ግን ጥቂት ዝም ብሎ «አንተስ ከየት ይመስልሃል?» ይለዋል፤ ከዚያም ሕፃናቱን እየመራ ወደ ወደቡ ይወርዳል።