ለሞት የቀረበውን ስለ ማስታመምና ሐዘንተኛን ስለ ማጽናናት

በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ አገር፣ ሰው በሞተ ጊዜ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ጎረቤቱ የጀመረውን እርሻ ትቶ ይመጣል፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ሴቶቹ እንጀራውንና ንፍሮውን ከየቤታቸው ይዘው ይገባሉ። የደጋው ሌሊት ብርዱ የጸና ስለ ሆነ፣ ብዙዎች ጋቢና ብርድ ልብስ ይዘው መጥተው ከሐዘንተኛው ጋር ያድራሉ። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ይደርሳል።

ይህ ልማድ ከጥንት የመጣ ነው። ኢዮብ ልጆቹን ባጣ ጊዜ፣ ሦስቱ ወዳጆቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው እንደ ተቀመጡ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎአል። ማጽናናታቸው እስከዚያ ድረስ መልካም ነበረ፤ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ይከራከሩት በጀመሩ ጊዜ ነው። የነቢዩ መሐመድ የአጎት ልጅ ጃዕፈር በጦርነት በሞተ ጊዜም፣ ነቢዩ ለሟቹ ቤተ ሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙ በሙስሊሞች ዘንድ ይነገራል፤ ሐዘን የያዘው ሰው ለራሱ ማብሰል አይሆንለትምና።

መርዶ የሚነገርበትም ሥርዓት ጥበብ ያለበት ነው። ልጁ ወይም ወንድሙ በሩቅ አገር ለሞተበት ሰው፣ ወሬው በመንገድ ላይ ወይም በገበያ መካከል አይነገረውም። ዘመዶችና ሽማግሎች አስቀድመው ይማከራሉ፤ ጎሕ ሲቀድም ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። በማለዳ መሆኑ ስለ ምንድር ነው? ሰውዬው ገና ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያገኙት፣ ቀኑንም ሙሉ ከአጠገቡ ሰው እንዳይጠፋ ነው።

ከሞት በኋላ ያለው ነገር እንዲህ በሥርዓት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከሞት በፊት ያለው ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለቀብር ከሩቅ አገር የሚገሠግሠው ዘመድ፣ ሕመምተኛው በአልጋ ላይ ሳለ ወር ሙሉ ያልታየ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ያለው ጠያቂም «እግዜር ይማርህ» ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ስለ ዝናብና ስለ ስንዴ ዋጋ ተጫውቶ ይሄዳል። ሕመምተኛው በልቡ የያዘውን የሚጠይቀው የለም።

በሮቤ አጠገብ ስንዴና ገብስ የሚያርስ አንድ ሽማግሌ ይታሰብ። በሆዱ ውስጥ የማይድን ነቀርሳ ወጥቶበታል። ሐኪሙ ለበኩር ልጁ ነገረው፤ ልጁም «አባቴ ቢሰማ ቶሎ ይሞትብኛልና አይነገረው» ብሎ ለመነ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ዋሾ ሆነ። ሚስቱ በጓዳ ታለቅስና ዓይንዋን ጠርጋ ፈገግ ብላ ትገባለች። ልጆቹ «በሚመጣው ሳምንት ትነሣለህ» ይሉታል። እርሱ ግን ሰውነቱ ሲከሳ፣ ጠያቂው ሲበዛ፣ ሰዎቹም በደጅ ሲንሾካሾኩ አይቶ ነገሩን ዐውቆታል። ዐውቆም አይናገርም፤ እንዳይደነግጡበት ይሳሳላቸዋል። እነርሱ ስለ እርሱ ይደብቃሉ፤ እርሱም ስለ እነርሱ ይደብቃል፤ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው ሁሉም ለየብቻቸው ያዝናሉ።

ይህ ሽማግሌ ከወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ካልተነጋገረ 9 ዓመት ሆኖታል። ያለ ምስክር የተበደረው ገንዘብም አለ፤ ከእርሱና ከአበዳሪው በቀር የሚያውቀው የለም። ታናሽ ልጁን ማን እንደሚያስተምርለት እያሰበ ሌሊት ይነቃል። ሰው ሁሉ «ትድናለህ» እያለ ከዘጋበት፣ ይህን ሁሉ ሸክም ይዞት ይሄዳል።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር የሚሆን ድንቅ ቃል አለው፤ እርሱም ኑዛዜ ነው። ሰው ንብረቱን ለልጆቹ ሲያከፋፍል ተናዘዘ ይባላል፤ ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ሲናገርም ተናዘዘ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከግዕዝ ነው፤ በግዕዝም ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው። ዕዳን መናገር፣ ኃጢአትን መናገርና መጽናናት ከአንድ ሥር መብቀላቸው እንዲያው በከንቱ አይመስልም።

ታዲያ እውነቱ በሕመምተኛው ላይ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። አስተዋይ ሰው ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥና «አባቴ፣ ሕመምዎ እንዴት ሆኖ ይታይዎታል? የሚያሳስብዎስ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይሰማል። ሽማግሌው ማወቅ ቢፈልግ ራሱ ይጠይቃል፤ ባይፈልግ ግን አይገደድም። ሲነገረውም እንደ መርዶው ሁሉ፣ የሚወዳቸው ሰዎች በአጠገቡ ሳሉ በቀስታ ይነገረዋል።

ክርስቲያን ቢሆን የነፍስ አባቱ ወይም መጋቢው ይጠራለታል፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንስሐ ይገባል፤ ይቆርባል፤ የቀንዲል ጸሎትም ይደረግለታል። ሙስሊም ቢሆን ሼኩ ወይም ከዘመዱ አንዱ ያሲን የሚባለውን የቁርኣን ምዕራፍ ይቀራለታል፤ ፊቱን ወደ ቂብላ ይመልስለታል፤ ሸሃዳውንም በለስላሳ ድምፅ ያስታውሰዋል። የሚያስታምመው ሰው ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆን የራሱን ሊጭንበት አይገባውም። ከአልጋው መነሣት ያቃተውን ሰው በሃይማኖት መከራከር ነውር ነው።

ነገር ግን ሥቃይ የበረታበት ሰው መጸለይም መናዘዝም አይችልም። ስለዚህ የነፍስ አባትም ሼክም ከሐኪም ጋር መተባበር ያስፈልጋቸዋል። ለብርቱ ሥቃይ የሚሰጠው መድኃኒት ሞርፊን ይባላል፤ ከፖፒ አበባ ፍሬ ከሚወጣ ወተት መሳይ ፈሳሽ የተገኘ ነው። በውሃ ተበጥብጦ በአፍ የሚጠጣው ዓይነት በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሥቃዩ እስኪመለስ አይጠበቅም፤ ሳይመለስ ይቀደማል። ብዙ ሰዎች «ሱስ ይሆንበታል» ብለው ይፈሩታል። ሐኪም መጥኖ ለሕመምተኛ የሚሰጠው ግን ሱስ ፈላጊ በስርቆት ከሚወስደው ጋር አንድ አይደለም።

ከባሌ ቆላ ለሚነሣ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ መድረስ ራሱ ድካም ነው። ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወጣው መንገድ የሰነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ብርዱም ለጤነኛ እንኳ ይከብዳል። ከመኪና መንገድ ርቆ ያለውን ሰው ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ይሸከሙታል። በነቀርሳ የተያዘው ደግሞ የጨረር ሕክምና ያስፈልገው እንደ ሆነ፣ ከጎባ ሆስፒታል አልፎ ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሄድ ለብዙ ዘመን ግድ ነበረ። መድኃኒት የማይመልሰው መሆኑ በታወቀ ጊዜ ብዙው ሰው የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቤቱ እንዲመልሱት። እንግዲህ በቤቱ ማን ያስታምመዋል?

የባሌ ልጆች ጫፉ እንደ ባላ የሆነ በትር ይዘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱትን ተሳላሚዎች ያውቃሉ። እነዚህ መንገደኞች ሲደክማቸው የሚያሳርፋቸው ቤት ይሻሉ። በአውሮፓም በቀድሞ ዘመን ለተሳላሚና ለደከመ መንገደኛ ማረፊያ የሚሆን ቤት ሆስፒስ ይባል ነበር፤ ስሙ እንግዳ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው፣ የማይድን ሕመም የያዛቸውን ሰዎችና ቤተ ሰቦቻቸውን የመርዳት ሥራ ነው።

ይህን ሥራ በአዲስ መልክ ያቆመችው ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። በ1948 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዴቪድ ታስማ የሚባል ከፖላንድ የተሰደደ አይሁዳዊ በለንደን ሆስፒታል ለሞት ታሞ ተኝቶ ነበር። ዕድሜው 40 ያህል ነበረ፤ ዘመድ በአጠገቡ አልነበረውም፤ በምድር ላይ ኖሮ አንዳች ምልክት ሳይተው የሚሄድ መስሎት ያዝን ነበር። ሲስሊ እየመጣች ከአልጋው ዘንድ ትቀመጥና ትሰማው ነበር። አንድ ቀን የሚያጽናና ነገር እንድትነግረው ለመናት፤ እርስዋም ከመዝሙረ ዳዊት በቃልዋ አለችለት። ከመጽሐፍ ደግሞ ላንብብልህ ብትለው ግን እንቢ አለ፤ የሚሻው በልብዋ ያለውን ነበርና። ሲሞትም ልትሠራው ላሰበችው ቤት መስኮት ይሆን ዘንድ 500 ፓውንድ ተወላት።

ሲስሊ ከዚያ በኋላ ሕክምና ተማረች፤ በ1957 ሐኪም ሆነች። በ1967 ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለው ሆስፒስ በለንደን ተከፈተ፤ መስኮቱ ቤት እስኪበጅለት 19 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። ሲስሊ የምታስተምረው፣ ለሞት የቀረበ ሰው የሚሠቃየው በሥጋው ብቻ እንዳልሆነ ነበረ፤ በሐሳቡ፣ በቤተ ሰቡ ጉዳይ፣ በነፍሱም ይሠቃያልና። የሽማግሌው ገበሬ የሆድ ሕመምና የ9 ዓመት ጠብ በአንድ አልጋ ላይ እንዳሉ ሁሉ።

ይህ ሥራ በኡጋንዳ በ1993 ተጀመረ። በ2003 ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ነርሶቹም ወደ ሕመምተኞች ቤት እየሄዱ ይጠይቃሉ፤ ቤተ ሰቡም እንዴት እንዲያስታምም ያስተምራሉ። ለኢትዮጵያ የሚስማማው ይኸው ይመስላል፤ ሰው በቤቱ፣ በወገኑ መካከል መሞትን ይመርጣልና።

በእንዲህ ያለ ቤት ልጆችም ሥራ አላቸው። የሕመምተኛው ከንፈር ሲደርቅ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ማራስ ልጅ ይችለዋል። ጥጃዋ እንዴት እንዳደገች፣ ገብሱም እንዴት እንደ ያዘ ከአልጋው ዘንድ ተቀምጦ መንገር ይችላል። ነገር ግን ልጅ ብዙ ጊዜ ይባረራል፤ አባቱ ሲሞትም «ሩቅ አገር ሄዶአል» ይባላል። ልጁም በር በሩን ሲያይ ይኖራል፤ አባቴ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብሎ ይቀየማል፤ ወይም እኔ ባጠፋሁ ነው ብሎ ያስባል። ኋላ ከሰው አፍ በሰማ ጊዜ ሐዘኑ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ስለ አባቱ፣ አንዱም ስለ መዋሸቱ ነው። «አባትህ ሞቶአል፤ አይመለስም፤ የአንተ ጥፋት አይደለም፤ እኛም አንለይህም» ብሎ በአጭር ቃል መንገር ይሻላል።

ድንኳኑ ሲነቀል ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሐዘን ግን ያን ጊዜ ይከብዳል፤ ቀን የተጫጫሰው ቤት ማታ ጭር ይላልና። የሆስፒስ ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ ሕመምተኛው ከሞተ በኋላም ቤቱን መጠየቅ አይተዉም። በሮቤም ሆነ በጎባ፣ አባቱ የሞተበት ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ፣ ባልንጀሮቹ የሚሉትን ስለሚያጡ ይሸሹታል። ብዙ የሚባል ነገር ግን የለም። ቦታውን ይዘው ይጠብቁታል፤ ደብተራቸውን ከፍተው ያመለጠውን ትምህርት ያሳዩታል፤ ማታም እስከ ቤቱ አብረውት ይሄዳሉ፤ በመንገድ ስለ አባቱ መናገር ቢጀምር እርምጃቸውን ቀንሰው ይሰሙታል።