የጌሊክ የመልክዐ ምድር ስሞች አመጣጥና ትርጉም

የቦታ ስም በካርታ ላይ የሚሰፍር ምልክት ብቻ አይደለም። ስሙን ያወጣው ሕዝብ ምድሩን እንዴት እንዳየውና እንደተጠቀመበት የሚያመለክት መዝገብ ጭምር ነው። ለዚህም የስኮትላንድ ደጋማ ክፍል ጥሩ አብነት ይሆናል። የአካባቢው ተራሮች፣ ሸለቆዎችና ሐይቆች በርካታ ስሞች የመነጩት ከጌሊክ ሲሆን፣ ይህም ከአይሪሽ ጋር የሚዛመድ የኬልት ቋንቋ ነው።

ስሞቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አሏቸው። አንደኛው የመሬቱን ዓይነት፣ ሌላው ልዩ ጠባዩን ይገልጻል። «ቤን» ተራራ፣ «ግሌን» ጠባብ ሸለቆ፣ «ስትራዝ» ሰፊ ሸለቆ፣ «ሎክ» ሐይቅ ወይም ወደ የብስ የዘለቀ የባሕር ክንድ ማለት ነው። «ሞር» ትልቅ፣ «ዱ» ጥቁር ነው። «ኢንቨር» የወንዝ መጨረሻ በመሆኑ፣ ኢንቨርነስ የነስ ወንዝ አፍ ማለት ይሆናል። በአማርኛ «የተራራ ወገብ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ጌሊክም ከሰው አካል ይዋሳል፤ «ኪን» ራስ፣ «ድረም» ጀርባ፣ «ስሮን» አፍንጫ ናቸው። ስለዚህ ኪንሎክ «የሐይቅ ራስ» ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ስሞች ከጌሊክ የመጡ አይደሉም። በአበርዲን ስም ውስጥ ያለው «አበር» ትርጉሙ ከ«ኢንቨር» ጋር አንድ ቢሆንም፣ ከጌሊክ በፊት በአገሩ ይነገር ከነበረ ቋንቋ የተወረሰ ነው። በመሆኑም ስሞች የሕዝቦችን አሰፋፈር ቅደም ተከተል ያሳያሉ። «አሪ» የሚለው ቃል ደግሞ ከብት በበጋ የሚሰማራበትን የተራራ ግጦሽ ስለሚያመለክት፣ ልማዱ ከቀረ በኋላም ምስክር ሆኖ ይኖራል።

ይህ መዝገብ ግን የሚነበበው ቋንቋው ሲታወቅ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመንግሥት ካርታ አንሺዎች ስሞቹን ከነዋሪዎች እየጠየቁ ሲመዘግቡ፣ ብዙዎቹን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለውጠው አስፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የስኮትላንድ የትምህርት ሕግም ለጌሊክ ቦታ አልሰጠም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሕፃናት የመንደራቸውን ስም እየጠሩ ፍቺውን ሳያውቁ አድገዋል። ኬርንጎርም የተባለው ሰንሰለታማ ተራራ ለዚህ ምሳሌ ነው። መጠሪያው ከአንድ ተራራ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ሰማያዊ የድንጋይ ክምር» ነው፤ የጌሊክ ተናጋሪዎች ግን ሰንሰለቱን በሙሉ «ቀዩ ተራራማ ምድር» ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ ለጌሊክ እንደ ይፋ ቋንቋ ዕውቅና ለመስጠትና ቋንቋውን ለማስፋፋት መንገድ ከፍቷል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጂኦግራፊ መምህር የቦታን ስም ከካርታ ከማስጠናቱ አስቀድሞ፣ ተማሪዎቹ አጠራሩንና ፍቺውን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቀው እንዲመዘግቡ ማድረግ ይገባዋል። ጠያቂ ያጣ ስም ፍቺው ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ይቀበራልና።