አዘውትሮ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ አረጋውያን ሴቶችን ከመውደቅ አደጋ ይታደጋል

እርጅና ብቻውን አይመጣም ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ የእግር ጡንቻ ይሳሳል፣ የዓይን ብርሃን ይደክማል፣ እርምጃም ያጥራል። በእነዚህ ለውጦች ሳቢያ የሚደርሰው የመውደቅ አደጋ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸው ያልፋል።

ችግሩ በሴቶች ላይ ይበረታል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የኢስትሮጅን ሆርሞን መጠን ስለሚቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ ቀላል የሚመስል አወዳደቅም የዳሌ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። አንድ ጊዜ የወደቁ አረጋውያን ዳግም እንዳይወድቁ በመስጋት እንቅስቃሴያቸውን ሲገቱ ደግሞ ጡንቻቸው ይበልጥ ስለሚደክም ለሌላ አደጋ ይጋለጣሉ።

የሰውነት ሚዛን የሚጠበቀው ከዓይን፣ ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል፣ ከእግርና ከመገጣጠሚያዎች የሚደርሰውን መረጃ አንጎል አቀናጅቶ ጡንቻዎችን ሲያዝ ነው። የተደናቀፈ ሰው ሳይወድቅ የሚቀረው ጡንቻዎቹ ትእዛዙን በፍጥነትና በበቂ ኃይል ሲፈጽሙ ነው። ይህ ችሎታ በእርጅና ዘመንም ቢሆን በልምምድ ይዳብራል።

ለዚህም በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጉት ጥናት አብነት ይሆናል። በጥናቱ ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 233 ሴቶች ተሳትፈዋል። ከእነዚህ መካከል 116ቱ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታገዙ በየቤታቸው የእግር ጡንቻ ማጠናከሪያና የሚዛን ልምምድ እንዲሠሩ ተደርጓል። ከስድስት ወር በኋላ የሰውነት ሚዛናቸው የተሻሻለ ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥም በዚህ ቡድን 88 የመውደቅ አጋጣሚዎች ሲመዘገቡ ልምምዱን ባልሠሩት 117 ሴቶች ዘንድ ግን 152 ተመዝግበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ የቀረበ ግምገማም የአካል እንቅስቃሴ በአረጋውያን ላይ የሚደርሰውን የመውደቅ መጠን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አረጋውያን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብሩ ልምምዶችንም በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ እንዲሠሩ መክሯል። በእግር መጓዝ ለጤና ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን ሚዛንን ለማጠናከር በቂ አይደለም።

ልምምዶቹ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣቶች ፊት እያስቀደሙ መራመድ ከሚዘወተሩት መካከል ናቸው። ይሁንና ከዚህ ቀደም የወደቁ፣ የሚያዞራቸው ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው እናቶች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። ልምምዱ ሲቋረጥ የተገኘው ጥንካሬ ቀስ በቀስ ስለሚጠፋም የዘወትር ተግባር ሊሆን ይገባዋል።